በጨለማ ክፍል ውስጥ የበራ ስልክ

ኢንስፔክተር ሩቂያ አብዱረሂም የሟቿን ስልክ ከትራሱ ሥር ስባ አውጥታ የጎኑን ቁልፍ ስትጫነው ብርሃኑ ፊቷ ላይ ቦግ አለ። «ያ ረቢ!» ብላ ዓይኗን በክንዷ ጋረደች። አስከሬን አይታ ቅንድቧ ያልተነቃነቀ ሴት ከስልክ መብራት ስትሸሽ ያየው ረዳቷ ሳጅን ኢልያስ ሳቁን ለመዋጥ ወደ በሩ ዞረ።

«ሳቅ፣ አትፈር» አለችው። «ግማሽ ራስህን ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈልጥህ አይቼ እኔም እስቅብሃለሁ።»

ማይግሬን ሩቂያ ላይ ተቀምጦ መኖር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል ገና ከደጃፉ አወቀችው። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ በሚስማር ተመትቷል፤ የበሩ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፏል፤ አልጋው አጠገብ ማስመለሻ ሳፋ አለ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ነው፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ስለዋለች ክፍሉ ውስጥ አየር የሚባል ነገር የለም።

የሞተችው ውባለም ትባላለች። ዕድሜዋ ሃያ አምስት ነው። ከማጀቴ እስከ ዐረብ አገር ሦስት መቶ ሺህ ሰው የሚከተላት፣ በየቀኑ ላይቭ ገብታ ስታወራ፣ ስትቀልድና ስትሰደብ የምትውል ልጅ ነበረች። አሁን ግንባሯ በሻሽ ተጠፍሮ፣ አፏ ዙሪያ አረፋ ደርቆ ተጋድማለች። የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሎ ጠቧል። ራስጌዋ ያለው ሲኒ ባዶ ነው፤ ሥሩ ላይ ትንሽ አረንጓዴ አተላ ቀርቷል። ሩቂያ ጎንበስ ብላ ስታሸተው ከዳማከሴው ሽታ ጋር የሽንኩርት ማሳ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት አፍንጫዋን ሰነፈጣት።

ኢልያስ የሟቿ እህት የነገረችውን የምስጢር ቁጥር አስገብቶ ስልኩን ከፈተና አንድ መልእክት አነበበ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከዐሥር ለእህቷና ለእጮኛዋ የተላከ ነው። «እትዬ ከበቡሽ የሰጡኝን ዳማከሴ ከጠጣሁ ጀምሮ ሆዴ እየተቃጠለ ነው። ምን እንደጨመሩበት አላውቅም። ብሞት እሳቸውን ጠይቁልኝ።»

«አለቀ» አለ ኢልያስ። «ገዳይዋን ራሷ ጽፋልናለች።»

ሩቂያ ስልኩን ተቀበለችው። የስልኩን ማስተካከያ አየች፤ ድምቀቱ እስከ ጥግ ተገፍቷል፤ ብርሃኑን እንደ አካባቢው የሚያስተካክለው ደግሞ ተዘግቷል። ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈችና ወደ ግቢው ወጣች።

የሟቿ ታላቅ እህት ሐረገወይን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። አላለቀሰችም፤ ጎረቤቶቿም ይህንኑ አይተው ገና ካሁኑ እየተንሾካሾኩ ነው።

«የውኃ ተራችን ነበር» አለች። «ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል። ተራው ካመለጠን ስምንት ቀን መጠበቅ ነው፤ በዚህ ሐሩር ሽንኩርቱ ስምንት ቀን አይቆይም። ትቻት ሄድኩ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ ላይቭ ላይ ነበረች። ልትሰናበታቸው ነው የገባችው። ሐኪሙ፣ ‹ስክሪኑ ብቻውን አይደለም። ድምቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሳትበይ መዋልሽ፣ የሚሰድቡሽን ስታነቢ መብሰልሰልሽ ተደምሮ ነው የሚጥልሽ። ለስድስት ወር ተዪው› ብሏታል። ግማሽ ሰዓት ብላ ገብታ ሦስት ሰዓት አቆዩዋት። እጮኛዋ ኤፍሬም እየደጋገመ ‹አትውጪ፣ ሰው እያለቀሰ ነው› ብሎ ይጽፍላታል። ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ‹ሐረግዬ፣ መጣብኝ፤ ግማሽ ፊትሽ የለም› አለችኝ።»

ሩቂያ ይህን ታውቀዋለች። ሕመሙ ከመግባቱ በፊት ብልጭ ድርግም የሚል መጋዝ መሳይ ብርሃን ዓይን ላይ ይመጣና የሰው ፊት፣ የመንገድ፣ የወረቀት ግማሹን ይበላዋል።

«ጎረቤታችንን እትዬ ከበቡሽን ጠራኋቸው» ስትል ቀጠለች ሐረገወይን። «እሳቸው ምች ነው ይላሉ። ምችም ይሁን ሌላ፣ ዳማከሴ ሲሰጧት ትንሽ ይቀልላታል። ጨምቀው፣ ራሳቸው ቀምሰው፣ እኩሌታውን አጠጧት። የቀረውን ቆይታ እንድትጠጣው ከድነው ራስጌዋ አስቀመጡ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ከዚያ አብረን ወጣን።»

«የተባይ መድኃኒታችሁ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ሽንኩርቱ መጋዘን ውስጥ። ተቆልፎ አያውቅም፤ ቤታችን የሚገባ ሁሉ ያውቀዋል።»

«እህትሽን ትወጃት ነበር?»

ሐረገወይን ጭቃውን ከቁርጭምጭሚቷ በጥፍሯ ፈቀፈቀች። «ባለፈው ወር ማርያምን ባል ስለምናት በስርቆት ተቀርጾ ወጣብኝ። ገበያ ስሄድ የባጃጅ ሾፌሮች ለቅሶዬን በድምፅ ማጉያ ያስሰሙኛል። ሽማግሌ የላከው የማጀቴ ሰው ቀረ። አጥፊው ስላት፣ ‹ኤፍሬም ነው የለቀቀው፤ ሰው ወዶታል እኮ› አለችኝ። ጠልቻት ነበር፣ ኢንስፔክተር። ዛሬ ሻሹን ሳስርላትም እንደጠላኋት ነው።»

ኢልያስ ወደ ሩቂያ ጆሮ ጠጋ አለ። «ይቺኛዋም ምክንያት አላት። ማሳው ከዚህ ዐሥር ደቂቃ ነው። የመስኖውን ተራ የሚደለድለውን የውኃ አባት ጠይቄው ነበር፤ ‹ከሽንኩርቱ ጎን ባለው ማሽላ መሃል ስትገባ ስትወጣ ሁሌ ዓይኔ ላይ አልነበረችም› ብሏል።»

«ሰምቻለሁ» አለችና ወደ ሐረገወይን ዞረች። «ሐኪሙ ሕመሙን የምትመዘግብበት ደብተር አልሰጣትም?»

ነበረ። በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ስክሪን ላይ ስንት ሰዓት እንደዋለች፣ ምን እንደበላች፣ መች እንዳመማት። ሩቂያ ቆማ ገለጠችው። የደህና ቀኖቹ ጽሑፍ የውባለም ነው፤ ያዘነበለ፣ ችኩል ጽሑፍ። የሕመሙ ቀኖች ሁሉ ግን በሌላ እጅ፣ ድርቅ ባለ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ፊደል ተጽፈዋል።

«ይህ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ። እሷ እየነገረችኝ እጽፋለሁ። ሲጀምራት ፊደል አይታያትም፤ ስልኩንም ‹አርቂልኝ› ነው የምትለው። አዳዲስ ስልክ በየጊዜው ትገዛለች፤ ሁሉንም ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጋ ነው የምትይዘው። አንድ ቀን ከፍ ባደርገው በጥፊ መታችኝ።»

እጮኛዋ ኤፍሬም ከአጣዬ ደረስኩ ብሎ ከመግባቱ በፊት ልቅሶው ገጹ ላይ ደርሶ ነበር። የውባለምን ገጽ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ፖሊስ አስከሬኑን ሳያነሳ የመልእክቱን ፎቶ ለቀቀው፤ ከሥሩ የእትዬ ከበቡሽን ፎቶ አከለበት። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የአሮጊቷ አጥር በሰው ተከበበ። ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ስልክ ይዟል፤ ሁለቱንም የያዘ አልጠፋም። ሩቂያ ሴትዮዋን በፖሊስ መኪና ስታወጣ አንዱ ድንጋይ የኋላ መስተዋቱን አደቀቀው።

ጣቢያ ሲደርሱ እትዬ ከበቡሽ አግዳሚው ጫፍ ላይ ኩርምት ብለው ተቀመጡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።

«ዳማከሴውን በምን ጨመቁት፣ እትዬ?»

«በእጄ ነዋ! ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ፣ በነጠላ ጫፍ አጥልዬ።»

«ቀምሰውታል?»

«ሳልቀምስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ልጄ፣ ‹ለምን ገደልሻት› ይሉኛል። ምን አድርጋኝ? በየዓውደ ዓመቱ ስኳር ትልክልኝ ነበር።»

«የጻፈችውን አይተዋል?»

«ፊደል አልቆጠርኩም። እነሱ እያነበቡ ሲሰድቡኝ ነው የሰማሁት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእህቴ ቤት አጣዬ ላይ ሲነድ አይቻለሁ። የኔንም ያቃጥሉታል?»

ሩቂያ በውሸት ማጽናናት አልሆነላትም። «ጥበቃ አቁሜያለሁ» አለችና ወጣች።

ኮማንደሩ በኮሪደሩ ይጠብቃት ነበር። «ሕዝቡን ማገድ አልችልም» አላት። «ነገ ከቀብር በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሽ አሮጊቷን ከስሼ ወደ ደብረ ብርሃን እልካቸዋለሁ። እዚህ ከሚወግሯቸው ይሻላል።»

«ያልሠሩትን?»

«የሟች ቃል አለ፣ ሩቂያ።»

ኤፍሬምን ማለዳ ከቀብር በፊት አገኘችው። መልከ መልካም ነው፤ ሐዘን እንኳ አምሮበታል። ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ በየደቂቃው ዓይኑን ይጥልበታል።

«ትናንት አጣዬ ምን ወሰደህ?»

«የልብስ ሱቅ ማስታወቂያ ልቀርጽ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ከገበያው ቪዲዮ ለቅቄያለሁ፤ ይዩት። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ የእሷ መልእክት ደረሰኝ። ወዲያው ‹ምን ሆንሽ ውዴ?› ብዬ መለስኩ።»

«አልደወልክም?»

«ሲያማት አታነሳም።»

«ትጽፋለች እንጂ?»

«ምን ችግር አለው? አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልክ መነካካት ማንንም አያቅተውም።» ትከሻውን ሰበቀ። «የሞተ ሰው አይታማም እንጂ፣ ሕመሙን ታካብደው ነበር። አንዴ ላይቭ ላይ ጀምሯት ስታለቅስ ከሁሉም የበለጠ ሰው የገባው ያን ቀን ነው። እሷም ታውቀዋለች።»

«ሲያማት አጠገቧ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«እዚያ ምድጃ ውስጥ?» አለና ፈገግ ሊል ሲል ሐዘኑ ትዝ አለው። «ሐረገወይን አለች አይደል።»

ሩቂያ ከዚያ ወጥታ ለኢልያስ ሁለት ሥራ ሰጠችው። አንዱ ስልክ ማስተካከል ነበር። ሌላው የአጣዬን መናኸሪያ የሚመለከት ነው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም በእነ ውባለም ግቢ ሰበሰበቻቸው። ጥላ ባለበት አላስቀመጠቻቸውም፤ መሬቱ በሚፋጅበት መሃል ግቢ አቆመቻቸው። ሐረገወይን ጥቁር ለብሳለች። ኤፍሬም የሟቿ ፎቶ የታተመበት ቲሸርት ለብሷል። እትዬ ከበቡሽ በሁለት ፖሊስ መሃል ናቸው። ኮማንደሩ ላቡን ይጠርጋል። ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ ከቀብር የተመለሰው ሕዝብ «አውጧት!» እያለ ይጮኻል።

«እዚህ ማን አምጪ አለሽ?» አለ ኮማንደሩ። «ቢሮ ነበረን።»

«ቢሮ ውስጥ ፀሐይ የለም» አለችና ከኪሷ ስልክ አወጣች። «ይህ የእኔ ስልክ ነው። ሐረገወይን፣ እዚህ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

ሐረገወይን ስልኩን ተቀበለች። የስክሪኑ ድምቀት እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሏል፤ በዚያ ፀሐይ ከጥቁር መስተዋት አይለይም። ለአንድ አፍታም አላመነታችም፤ ነጠላዋን በራሷና በስልኩ ላይ እንደ ድንኳን ጣል አድርጋ ከውስጥ ሆና አነበበች። «‹ዛሬ ሐሩሩ በርትቷል› ይላል።»

«አሁን አንተ።»

ኤፍሬም ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ አራቀ፣ በመዳፉ ከለለው። ከዚያ በአውራ ጣቱ ከላይ ወደ ታች ስቦ የድምቀቱን መስመር እስከ ጥግ ገፋው። «ይሄው፤ ‹ዛሬ ሐሩሩ...›» ብሎ ጀመረና ሩቂያ እንዴት እያየችው እንደሆነ ሲያይ ስልኩን ዘረጋላት።

«እግዜር ይስጥህ» አለች ሩቂያ ስልኩን ተቀብላ። «ትናንት ያንን ስልክ ሳበራው ዓይኔን ሊያፈርጠኝ ነበር። ድምቀቱ እንዲሁ እስከ ጥግ ተገፍቶ ነበር። የስንጥቅ ብርሃን እንዳያገኛት በሩን በጨርቅ ያስወተፈች ልጅ ያንን አታደርግም። በጨለማ ክፍል ውስጥ ማንም ሰው ያን ያህል ብርሃን አይፈልግም። የሚፈልገው ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ነው። መልእክቱ የተጻፈው እዚህ፣ አሁን የቆምንበት ላይ ነው።»

«ወጥታ ጽፋ ይሆናላ!» አለ ኤፍሬም።

«ሰባት ሰዓት ላይ የእህቷ ግማሽ ፊት አልታይ ያላት፣ ከዚያም ራሷን ማንሳት ያቃታት ሰው? ደብተሩ ይኸው። የአራት ወር ሕመም ተመዝግቦበታል፤ ሕመሙ ባለበት ቀን በእጇ አንድ ፊደል አልጻፈችም። እንግዲህ ሌላ ሰው ነው የጻፈው። እትዬ ከበቡሽ ፊደል አያውቁም፤ ደግሞም መርዙ ቅጠሉ ላይ ቢሆን በባዶ መዳፋቸው አሽተው፣ ቀምሰውም፣ ዛሬ አይቆሙም ነበር። መርዙ የገባው ተከድኖ በተቀመጠው እኩሌታ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች ከወጡ በኋላ።»

«ሐረገወይንስ?» አለ ኮማንደሩ። «ቂም ነበራት።»

«ነበራት። ያልደበቀችኝም እሷ ብቻ ናት። ግን እነዚህን የሕመም ቀኖች ማን ጻፋቸው? እሷ። እህቷ ሲያማት መጻፍ ቀርቶ ማንበብ እንደማትችል ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እሷ ብትገድላት ኖሮ ሁሉንም ነገር ልታስብ ትችላለች፤ በውባለም ስም መልእክት መጻፍን ግን አታስበውም። ያንን የሚያስበው ሕመሙን ከስክሪን ማዶ ብቻ ያየ ሰው ነው። ብርሃኑ እንደሚጥላት ያውቃል፤ ስለዚህ ሦስት ሰዓት ሙሉ ‹አትውጪ› እያለ ያቆያታል። ስትወድቅ ዳማከሴ እንደሚመጣ ያውቃል። የውኃ ተራው የማን እንደሆነም፣ የስልኳን የምስጢር ቁጥርም ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አብሯት አልተቀመጠማ።»

ሁሉም ወደ ኤፍሬም ዞሩ።

«እኔ አጣዬ ነበርኩ!» ሲል ጮኸ። «ቪዲዮው አለ!»

«የተለቀቀው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እስቲ የቆምክበትን እይ፤ ጥላህ ከእግርህ ሥር አልወጣም። ቪዲዮው ላይ ግን ጥላህ ቁመትህን ሁለት እጥፍ ሆኖ መንገዱን ያቋርጣል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀርጸህ ያቆየኸው ነው። ሳጅን፣ የአጣዬው ሚኒባስ ሾፌር ምን አለህ?»

ኢልያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «አምስት ተኩል ላይ ከአጣዬ አሳፍሬ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ከተማው መግቢያ ላይ አወረድኩት አለ። አብረን ፎቶ እንነሳ ብዬው እምቢ አለኝ፤ እሱ ፎቶ እምቢ ሲል ስለማላውቅ ገርሞኝ ነበር አለ።»

ከአጥሩ ማዶ ያለው ጩኸት ቀስ በቀስ ረገበ፤ ሰው ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፏል። ኤፍሬም ወደ በሩ አየ፣ ወደ ፖሊሶቹ አየ። ከዚያ ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ሆኖ ቀና አለ።

«ልታጠፋው ነበር» አለ። «አራት ዓመት የደከምኩበትን ገጽ ራሴን አመመኝ ብላ ልታጠፋው! እኔ ነኝ ሰው ያደረግኳት። ከትናንት ወዲህ ብቻ ስንት ሰው እንደጨመረ ታውቃላችሁ? መቶ ሺህ! በሕይወቷ እንዲህ መጥቶላት አያውቅም።»

ሐረገወይን ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ሄደች። ፖሊሱ ሊይዛት ሲል ሩቂያ በእጇ ከለከለችው።

«ስትጠጣው ምን አለችህ?»

«ተዪኝ።»

«ምን አለችህ፣ ኤፍሬም?»

«ሻሹ ዓይኗን ሸፍኖት ነበር። ሲኒውን አፏ ላይ ሳደርገው ‹ሐረግዬ፣ ቶሎ መጣሽልኝ› አለች። እኔም ዝም አልኩ።»

ሐረገወይን ያለቀሰችው ያኔ ነው። መሬቱ እየፈጃት ተንበርክካ፣ ሁለት ቀን ያጠራቀመችውን አለቀሰች። ጠላኋት ያለቻትን እህቷን ስም እየጠራች ስትጮህ ኮማንደሩ እንኳ ፊቱን አዞረ። ሩቂያ በግራ ዓይኗ ጠርዝ ላይ የምታውቀው መጋዝ መሳይ ብርሃን ብልጭ ማለት ሲጀምር ኢልያስን «ካቴናውን አንተ አስገባለት፤ እኔ ቁልፉ አይታየኝም» አለችው።

ኤፍሬምን ፖሊሶቹ በጓሮ በር አወጡት። እትዬ ከበቡሽ ነጻ ናቸው ተባሉ። ሩቂያ ክንዳቸውን ይዛ በዋናው በር ስታወጣቸው ሕዝቡ መንገድ ከፈተ። ትናንት ድንጋይ ይዘው የነበሩ እጆች ዛሬ ሁሉም ስልክ ይዘዋል። አንዲት ሴት ሮጣ መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች። «እትዬ፣ ይቅር በሉን! አፈር ልብላልዎት!» ጓደኛዋ ከኋላ እየቀረጸች፣ «እትዬ፣ ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉ፤ ፊትዎ አይታይም» አለቻቸው። «‹ይቅር ብያለሁ› በሉ፤ ጮክ አድርጉት።» ከጎን ደግሞ ሌላው፣ «ሲያለቅሱ ነው የሚያምረው» አለ።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ሩቂያን አጥብቀው ያዟት።

«ወደ ቤትዎ ላድርስዎት፣ እትዬ» አለች ሩቂያ። ግማሽ ፊታቸው ካሁኑ ጠፍቶባታል።

«ትናንት ጣቢያ ያሳደርሽኝ ክፍል» አሉ እትዬ ከበቡሽ። «እዚያ ስልክ አያስገቡም አይደል?»

«አያስገቡም።»

«እንግዲያው ወደዚያው መልሺኝ፣ ልጄ።»

ሩቂያ የፖሊስ መኪናውን በር በዳበሳ አግኝታ ከፈተችላቸው።